ለትልቁ ካሜራ ረዳት፦ የኪስ ካሜራ አመራረጥ

መንዝ ጓሳ ላይ ረጅም ሌንስ ተክሎ ቀይ ቀበሮ የሚጠብቅ ሰው ይህን ያውቀዋል። የያዘው ሲግማ 150-600 ሚሊ ሜትር ኮንተምፖራሪ ከሆነ ሌንሱ ብቻውን 2 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ቀበሮው አልመጣም። በምትኩ የጭላዳ መንጋ ሣሩን እየነጨ እግሩ ሥር ይደርሳል። ሌንሱ ደግሞ ከ2.8 ሜትር ለቀረበ ነገር ፎከስ አያደርግም። ሌንስ ልቀይር ብሎ ቦርሳ እስኪከፍት መንጋው ገደሉን ወርዷል።

የኪስ ካሜራ የምትፈለገው እንዲህ ላለው ሰዓት ነው። ስለዚህ "የትኛዋ ትሻላለች?" ከማለታችሁ በፊት "የኔ ትልቅ ካሜራ ምን ያቅተዋል?" በሉ። መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል። ደብረ ብርሃን ሰርግ የሚያነሳና መንዝ ወጥቶ የዱር እንስሳ የሚያነሳ ሰው አንድ ዓይነት ካሜራ አያስፈልጋቸውም። ሻጭ ጋ ሲሄዱ ግን ሁለቱም ዩቲዩብ ላይ ያዩዋትን ያችኑ ካሜራ ነው የሚጠይቁት።

1. መጀመሪያ ቦርሳችሁን ዘርግፉ

ያሏችሁን ሌንሶች ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ከሰፊው እስከ ጠባቡ ከስንት እስከ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሸፍኑ ጻፉ (ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ያሳያል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል)። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ያለፈውን ዓመት ሥራ ክፈቱና የወደዳችኋቸው ፎቶዎች በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሱ እዩ። መረጃው ፋይሉ ውስጥ አለ። ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ በሌንስና በሚሊ ሜትር ለይቶ ያሳያችኋል። ባዶ ሆኖ ያገኛችሁት ቦታ የትንሿ ካሜራ ቦታ ነው።

የእንስሳና የወፍ ሰው ከሆናችሁ ርቀቱን ትልቁ ይዞታል፤ የጎደላችሁ ሰፊ ነው። ሜዳውን፣ ጉሙን፣ አጠገባችሁ የቆመውን የጓሳ ጠባቂ ፊት ማን ያንሳ? ለእናንተ 28 ሚሊ ሜትር የሆነች፣ ዙም የሌላት ካሜራ ትበቃለች።

የሰርግ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ 24-70 እና 70-200 አለው። እሱ ሚሊ ሜትር አልጎደለውም። የጎደለው ቅለት ነው። መልስ ላይ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ መኪና ውስጥ ከሙሽሮቹ ጋር፣ ወይ ምሳ እየበላ ድንገት የአያት ጭፈራ ሲጀመር ያን ሁሉ ዕቃ ማንሳት ይከብዳል። ለእሱ ዙምና ፍላሽ ያላት ትንሽ ካሜራ ትሻለዋለች።

18-55 ሌንስ ብቻ ያላችሁስ? እናንተ ለጊዜው የኪስ ካሜራውን ተዉት። በዚያ ብር አንድ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግዙ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ያስገባል)፤ ቢተርፍ ደግሞ ጓሳ ደርሳችሁ ተመለሱ። ይህን ስል ሻጮች ይቀየሙኝ ይሆናል።

ስልክ አይበቃም ወይ የሚል ጥያቄም አለ። ቀን፣ ጥሩ ብርሃን ላይ፣ ለቴሌግራም ከሆነ አዎ፣ ይበቃል። የኪስ ካሜራ ከስልክ የምትለየው ሴንሰሯ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ተለቅ ያለ፣ ሌንሷ የእውነት ዙም ያለው፣ ወይም ደህና ፍላሽ ያላት ከሆነ ነው። ከሦስቱ አንዱም የሌላት ርካሽ ካሜራ ስልካችሁን አትበልጥም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

2. ኪሳችሁን ለኩ

"የኪስ ካሜራ" የሚባል ሁሉ ኪስ አይገባም። ሱሪ ኪስ አለ፣ ጃኬት ኪስ አለ፣ የካፖርት ኪስ አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ካፖርት ያልለበሰ የለም። ያ ኪስ ብዙ ይችላል። ካፖርቱን አውልቃችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ግን የቀረላችሁ የሱሪ ኪስ ብቻ ነው።

ርዝመቷን ሳይሆን ውፍረቷን እዩ። ሪኮ ጂአር 3 የምትባለዋ 109 በ62 በ33 ሚሊ ሜትር ናት፤ የመጨረሻው ቁጥር ውፍረቷ ነው። ሶኒ አርኤክስ100 ሰባተኛዋ 102 በ58 በ43። ካኖን ጂ7ኤክስ ሦስተኛዋ 105 በ61 በ41። ፉጂ ኤክስ100 ስድስተኛዋ ደግሞ 128 በ75 በ55፣ ክብደቷም 521 ግራም ነው። የፉጂዋን ፎቶ ያየ ሁሉ ይወዳታል፤ እኔም እወዳታለሁ። ሱሪ ኪስ ግን አትገባም። አንገት ላይ የምትንጠለጠል ከሆነ ደግሞ ከትልቁ ጋር መጋጨቷ ነው።

ሳትገዙ መሞከር ይቻላል። ካርቶን በልኳ ቆርጣችሁ ውፍረቱ እስኪደርስ ደራርባችሁ አጣብቁ። ሪኮዋ ከነባትሪዋ 257 ግራም ናት፣ ሩብ ኪሎ ስኳር በሏት፤ ለክብደቱ መሐል ላይ ብሎን ወይም ሳንቲም ክተቱ። ከዚያ ሳምንቱን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ዋሉ። ባጃጅ ላይ ስትቀመጡ ከወጋችሁ፣ ቤት ጥላችሁት መውጣት ከጀመራችሁ መልሱን አግኝታችኋል። እቤት የምትቀር ረዳት ምን ታደርግላችኋለች?

3. ሴንሰሩን እወቁ፣ ግን አታምልኩት

የሙሉ ፍሬም ካሜራ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው 23.5 በ15.6 ገደማ ነው፤ ሪኮዋና ፉጂዋ ይህን ይጠቀማሉ። ሶኒዋና ካኖኗ ባለ 1 ኢንች የሚባለውን ይዘዋል፤ እሱ 13.2 በ8.8 ነው። ከዚያ በታች ውኃ የማይገባቸው ጠንካራ ካሜራዎች ላይ ያለው አለ፣ 6 በ4.5 ገደማ።

በተግባር ምን ማለት ነው? ማታ ቤት ውስጥ ባለ ኤፒኤስ-ሲዋ ትሻላለች። ባለ 1 ኢንቿ ደግሞ ቀን ላይ ከትልቁ ካሜራችሁ ጎን ለጎን ለመጽሔት ብትሰጧት አታሳፍርም። ጀርባውን ማደብዘዝ የምትወዱ ከሆነ ግን ራሳችሁን አታታልሉ። ባለ 1 ኢንች ካሜራ ላይ ኤፍ 1.8 የሚለው ብርሃኑን በፍጥነት ያስገባላችኋል እንጂ፣ ድብዝዝታው በሙሉ ፍሬም ኤፍ 4.9 ላይ የምታገኙትን ያህል ነው። የሙሽራ ቁም ፎቶ ለትልቁ ተዉለት።

4. ዙም ወይስ ቋሚ ሌንስ?

ሰው እዚህ ላይ ነው ብዙ የሚከራከረው። እኔ ረጅም ሌንስ ላለው ሰው ሪኮዋን ነው የምመክረው። በሙሉ ፍሬም ልክ ቋሚ 28 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8፣ 24 ሜጋ ፒክስል። 28 ከሰፋባችሁ ጂአር 3ኤክስ የምትባል 40 ሚሊ ሜትር እኅት አለቻት። አንድ ነገር ግን ከሌሎቹ ትለያለች፤ ስናፕ ፎከስ አላት። ርቀቱን አስቀድማችሁ 2 ሜትር ላይ ታስሩታላችሁ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ኤፍ 8 ታደርጋላችሁ። ከዚያ በኋላ ከ1 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቅ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ካሜራዋ ፎከስ ፍለጋ አትዘገይም። ከኪስ አውጥቶ መጫን ብቻ ነው። ጥምቀት ላይ ታቦት ሲወጣ፣ በግርግር መሐል፣ ክንዳችሁን ከፍ አድርጋችሁ ስክሪኑን እንኳ ሳታዩ ታነሳላችሁ።

ድክመቷም አለ። ፍላሽ የላትም። በዓይን የሚታይባት መመልከቻም የላትም። ባትሪዋ በፋብሪካው መለኪያ 200 ፎቶ ገደማ ነው። ሁለት ትርፍ ባትሪ የማትገዙ ከሆነ አትግዟት።

ዙም ለሚፈልግ ሶኒ አርኤክስ100 ብዙ ወንድምና እኅት አላት። ሦስተኛዋ በ2014 የወጣች ናት፤ 24-70፣ ኤፍ 1.8 እስከ 2.8። ዛሬም አሮጌ ገበያ ላይ ጥሩ ግዢ ናት። ሰባተኛዋ ከ24 እስከ 200 ትሄዳለች፣ ግን ሌንሷ ኤፍ 2.8 ላይ ጀምሮ 4.5 ይደርሳል። ብርሃን ሰጥታ ርቀት ገዛች ማለት ነው። 70-200 ቀድሞ ያላችሁ ሰዎች ያን ርቀት ሁለቴ መግዛት ምን ያደርጋል? ሦስተኛዋ ትበቃችኋለች። 200 ሚሊ ሜትር ደግሞ ለቀይ ቀበሮ አይደርስም፤ ነጥብ ታክል ነው የምትታየው።

አርኤክስ100 ላይ የምወደው አንድ ትንሽ ነገር አለ። ብቅ የምትለዋን ፍላሽ በጣት ወደ ኋላ ስታዘነብሏት ብርሃኑ ወደ ጣሪያ ይሄዳል። ነጭ አቡጀዲ ኮርኒስ ያለው ቤት ውስጥ ይህ ተአምር ይሠራል። ብርሃኑ ከላይ ለስልሶ ይወርዳል፣ የአክስት ግንባር አያብረቀርቅም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ግን አይሠራም።

ካኖን ጂ7ኤክስ ሦስተኛዋ 24-100፣ ኤፍ 1.8 እስከ 2.8 ናት። ትልቁ ካሜራችሁ ካኖን ከሆነ ሜኑውን ታውቁታላችሁ፣ ቀለሙም ይቀራረባል። ለሰርግ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ሁለት ካሜራ ያነሳውን የቆዳ ቀለም አልበም ላይ ማስታረቅ አድካሚ ሥራ ነው። ችግሩ ወጣቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለወደዳት ዋጋዋ ከአቅሟ በላይ ወጥቷል። አሮጌዋን በአዲስ ዋጋ የሚጠይቃችሁ አይጠፋም። ሁለተኛዋም ያው ሌንስ አላት፤ ቪዲዮ ዋና ሥራችሁ ካልሆነ እሷን ፈልጉ።

ክረምት ላይ፣ ጣርማ በር ጉምና ካፊያ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ኦሊምፐስ ቲጂ-6ን አስቡ። እስከ 15 ሜትር ውኃ አይገባትም፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪም ትችላለች። ሴንሰሯ ትንሽ ስለሆነ የፎቶው ጥራት ከሌሎቹ ያንሳል። ሌሎቹ ከረጢት ውስጥ ሲደበቁ ግን እሷ ትሠራለች።

5. አገሩ ምን ይላል?

ካሜራ የሚገመግሙ ሰዎች ጣርማ በርን አያውቁም። እኛ ግን በአንድ ቀን ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ብርድ ተነስተን በደብረ ሲና ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ እንገባለን። ይህ ካሜራ ላይ ሦስት ነገር ያመጣል።

አንደኛ ፀሐይ። ደጋ ላይ እኩለ ቀን ስክሪኑ መስታወት ይሆናል፤ የምታዩት የራሳችሁን ፊት ነው። አርኤክስ100 ከሦስተኛዋ ጀምሮ ብቅ የምትል መመልከቻ አላት፤ ዓይን ላይ ገጥማችሁ ታያላችሁ። ሪኮዋና ካኖኗ የላቸውም። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ይህን ሻጩ ጋ ሳይሆን ደጅ ወጥታችሁ ፈትኑ።

ሁለተኛ ብርድ። ጓሳ ሌሊት ላይ ውርጭ ይጥላል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፣ የትንሽ ካሜራ ባትሪ ደግሞ ከመጀመሪያውም ትንሽ ነው። ትርፉን ባትሪ ከጋቢ በታች፣ ሰውነት አጠገብ ያዙት። ያለቀ የመሰለውም ሲሞቅ ጥቂት ፎቶ ይሰጣል፣ አትጣሉት። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ካሜራዋን ደጅ ሳላችሁ ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ዝጉባትና ሙቀቱን እስክትላመድ አትክፈቷት። አለዚያ ሌንሷ ላይ ጤዛ ይቋጠራል።

ሦስተኛው አቧራ ነው፣ እሱም ከሁሉ ይከፋል። የአብዛኞቹ የኪስ ካሜራዎች ሌንስ ካሜራዋ ስትበራ ይወጣል፣ ስትጠፋ ይገባል። በገባና በወጣ ቁጥር አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር ብናኝ። ውቂያ አጠገብ ያነሳ ሰው ያውቃል። ትልቁ ካሜራ ላይ አቧራ ሲገባ ሌንሱን ነቅላችሁ ትነፉታላችሁ። የኪሷ ሌንስ አይነቀልም፤ ሴንሰሯ ላይ አቧራ ከገባ ባለሙያ መፍታት አለበት። ስለዚህ ኪሱን ለሷ ብቻ ስጡ። ቆሎ የነበረበት ኪስ፣ የበርኖስ ፀጉር የሞላበት ኪስ አይሆንም። አንድ ቀጭን የጨርቅ ከረጢት ብታሰፉላት ይበቃል።

ባትሪ ሲነሳ ቻርጅም አለ። መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ ነው መድኃኒቱ። ሪኮዋና አዲሷ ካኖን ዩኤስቢ-ሲ አላቸው፤ ብዙዎቹ አርኤክስ100ዎች የድሮውን ማይክሮ ዩኤስቢ ነው የሚጠቀሙት። ካኖኗ ተራ የስልክ ቻርጀር አልቀበል ልትል ትችላለች። ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ፓወር ባንክ ይዛችሁ ሂዱና ሰኩባት።

6. ሰው ፊት ስታወጧት

የትንሽ ካሜራ ትልቁ ጥቅሟ ሰው አለመበርገጉ ነው። ገበያ ላይ 70-200 ስታወጡ ሕዝቡ ዞር ይላል፣ ልጆች ይከባሉ፣ የነበረው ነገር ይጠፋል። ትንሿን ስታወጡ ብዙ ሰው ቁም ነገር አይላትም። ይህ ግን መስረቂያ አይደለም። "እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?" ብሎ መጠየቅ ጊዜ አይፈጅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ አባን ሳታስፈቅዱ ከኪስ እንኳ አታውጧት።

ስትገዙ ድምፅዋ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ መሆኑን እዩ። ለፎከስ የምታበራዋ ትንሽ መብራትም መጥፋት አለባት፤ ጨለማ ውስጥ የካህን ፊት ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ብርሃን መልቀቅ ነውር ነው። ፍላሽም ሥዕል ላይ አይተኮስም። ኬላ ላይ ካሜራ ትልቅም ሆነ ትንሽ ኪሷ ውስጥ ትቀመጥ።

7. አሮጌ ስትገዙ

አብዛኞቻችን የምንገዛው አሮጌ ነው፤ አዲስ አበባ ካሉ ሻጮች፣ በቴሌግራም፣ ወይም ውጭ ካለ ዘመድ። በፎቶ ብቻ አይታችሁ ብር አትላኩ። ቀን ላይ ተገናኙ፣ ባዶ ሜሞሪ ካርድና የተሞላ ስልክ ይዛችሁ ሂዱ።

አብሩ፣ አጥፉ፣ ደጋግሙ። ዙሙን ከዳር እስከ ዳር ውሰዱት። ሌንሱ ሲወጣ የሚንገጫገጭ፣ የሚቆም፣ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካለው ተዉት። የዚህ ሌንስ ጥገና ብዙ ጊዜ ከካሜራዋ ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ከዚያ አፐርቸሩን የመጨረሻው ጠባብ ላይ አድርጉ፣ ፎከሱን አደብዝዙ፣ ጥርት ያለውን ሰማይ አንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ ከጥግ እስከ ጥግ ፈልጉ። ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። ሪኮ ላይ ይህ የታወቀ ነው፤ አንዲት ነጠብጣብ ዋጋ ማስቀነሻ ናት፣ ብዙ ከሆነ ደህና ሁን ማለት ነው።

ባትሪውን አውጥታችሁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አኑሩት። ሆዱ ካበጠ ወይም ቦታው ውስጥ ከተቀረቀረ አሮጌ ነው። ፍላሿን ተኩሱ። ቁልፎቹን ሁሉ ተጫኑ። የካርዱን ክዳን ክፈቱ ዝጉ።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች ሜኑአቸው በጃፓንኛ ብቻ ነው። ረከስ ብለው የሚመጡት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ሻጩ "ቋንቋውን ቤት ትቀይሩታላችሁ" ቢላችሁ እዚያው ቀይሮ ያሳያችሁ።

8. ቤት ከገባች በኋላ

መጀመሪያ ሰዓቷን አስተካክሉ። ይህን የማያደርግ የሰርግ ፎቶ አንሺ ሁለት ካሜራ ያነሳውን ሲያቀላቅል ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ሙሽራዋ ገና ቤቷ ስትዘጋጅ ያገኛታል። አንዱን ካሜራ በእኛ ሰዓት፣ ሌላውን በፈረንጅ ሰዓት የሞላችሁ ከሆነ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። አንዱን ምረጡና ሁለቱንም በሱ ሙሉ፤ ደቂቃውም እኩል ይሁን። የፋይል ስም መቀየር የምትችል ከሆነ ለትንሿ የራሷ ፊደል ስጧት፣ ፎቶ በፎቶ ላይ እንዳይጻፍ።

ሮው (ካሜራዋ ያላስተካከለችው ጥሬ ፋይል) አንሱ። ሪኮዋ ሮው ፋይሏን ዲኤንጂ በሚባል የፋይል ዓይነት ነው የምትጽፈው፤ ቆየት ያለ ላይትሩም ያላችሁ ሰዎች አዲስ ሶፍትዌር ሳትገዙ ይከፈትላችኋል። ለሌሎቹ ግን ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ሶፍትዌር ፋይላቸውን መክፈቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ሻጩ ጋ ሳላችሁ አንድ ሮው ፋይል በካርዳችሁ ይዛችሁ መምጣት ይበቃል።

በመጨረሻም ሁለቱን ካሜራዎች ይዛችሁ ደጅ ውጡና አንድ ሰው አቁሙ። በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ሚሊ ሜትር፣ የነጭ ቀለም ሚዛኑን ፀሐይ ላይ አስራችሁ ሁለቱንም አንሱ። የቆመው ሰው ነጭ ነጠላ ቢለብስ ጥሩ ነው፤ ነጠላው አንዱ ላይ ቢጫ፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ ከሆነ ወዲያው ይታያል። የትንሿን ፎቶ ከትልቁ ጋር እስኪመሳሰል ላይትሩም ላይ አስተካክሉና ያን ማስተካከያ በስም አስቀምጡት። ከሚቀጥለው ሰርግ ጀምሮ የትንሿን ፎቶዎች ስታስገቡ አንዴ መጫን ብቻ ነው የሚቀራችሁ።